ሶፋው ወጥቶ ሲገባ፦ የኮንዶሚኒየም ሳሎን ትውውቅ

ገላን ኮንዶሚኒየም ውስጥ የማንንም በር ቢያንኳኩ የሚያገኙትን ሳሎን አስቀድሞ መገመት አይከብድም። ሁለት ግድግዳ የያዘ ኤል ሼፕ ሶፋ፣ መሃል ላይ ባለመስታወት ጠረጴዛ፣ ከትይዩ ቴሌቪዥን የተሸከመ ቡፌ፣ ከመጋረጃው ሥር ደግሞ በፈረቃ የሚመጣውን ውሃ የሚጠብቁ ቢጫ ጀሪካኖች። ከፍ ብሎ ጣሪያውን ሊነካ ትንሽ የቀረው የምርቃት ፎቶ ተሰቅሏል። በዚህ ክፍል ቀን ልጆች ያጠናሉ፣ ቡና ይፈላል፣ ማታ ዜና ይታያል፣ የአገር ቤት እንግዳ ሲመጣ ፍራሽ ይነጠፋል፣ በክረምት ልብስ ይሰጣል። የቤቱ ሥራ ሁሉ የሚያርፈው እሱ ላይ ስለሆነ ቶሎ የሚሰለቸውም እሱ ነው።

ሲሰለች መጀመሪያ የሚታሰበው መግዛት ነው። አዲስ መጋረጃ፣ አዲስ ምንጣፍ፣ ከተቻለ አዲስ ሶፋ። የቤቱን ዕዳ በየወሩ ለባንክ ለሚከፍል ወይም ኪራይ ለተጨመረበት ተከራይ ይህ ቀላል ወጪ አይደለም። እኔ ደግሞ ወጪው አያስፈልግም ባይ ነኝ። ሳሎን የሚሰለቸው አብዛኛውን ጊዜ ስለሞላ ነው፤ ስለዚህ የሚያድሰው ማውጣት ነው። አንድ ቀን ጠዋት የሚወጣውን ሁሉ አውጥቶ፣ ባዶውን ክፍል በደንብ አይቶ፣ የሚመለሰውን መርጦ መመለስ። ለዚህ ግን ክፍሉን ራሱን ማወቅ ይጠይቃል፤ ብዙዎቻችን ዓመታት ኖረንበት ከሶፋውና ከቴሌቪዥኑ በስተቀር አናውቀውምና።

ትውውቁን ከአጥንቱ እንጀምር። የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም በ1996 ዓ.ም. በቦሌ ገርጂ በተሠራው የሙከራ ሳይት ጀመረ። ከተማዋን ያስተዳድሩ የነበሩት አቶ አርከበ ዕቁባይ ነበሩ፤ የጀርመኑ የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ጂቲዜድም በዝቅተኛ ወጪ የመገንባት ዘዴውን ይዞ በሥራው ተሳትፏል። በዓመቱ የተቀናጀ የቤቶች ልማት ፕሮግራም ተብሎ በሰፊው ተጀመረ። መነሻው ላይ የቤቶቹ ልክ የተወሰነው በቁጠባ ነበር፦ ስቱዲዮ እስከ 20 ካሬ ሜትር፣ ባለአንድ መኝታ ከ20 እስከ 30፣ ባለሁለት መኝታ ከ30 እስከ 45፣ ባለሦስት መኝታ ከ45 በላይ። በኋላ በተሠሩት ሳይቶች ልኩ ሰፋ እያለ ቢሄድም አሳቡ አልተለወጠም። መኝታ ቤቱ፣ ኩሽናውና ሽንት ቤቱ ድርሻቸውን ሲወስዱ የተረፈው ሳሎን ሆነ። በር የሚበዛበትም ለዚህ ነው። የመግቢያው፣ የኩሽናው፣ የመኝታ ቤቱ፣ የበረንዳው በር ሁሉም ወደ እሱ ይከፈታሉ። ሙሉ ነው የሚባል ግድግዳ ያለው አንድ ብቻ፣ ቢበዛ ሁለት ነው።

አብዛኞቹ ብሎኮች ጂ ፕላስ ፎር ናቸው፤ ሊፍት የላቸውም። ሸክሙን የሚይዙት የኮንክሪት ኮለኖችና ቢሞች ሲሆኑ በመካከላቸው ያለው ግድግዳ ውስጡ ክፍት በሆነ ብሎኬት የተሞላ ነው። በአንዳንድ ሳይቶች ክፍል ከክፍል የሚለየው ግድግዳ ከብሎኬትም የቀለለ አግሮስቶን ነው፤ በጣት አንኳኩቶ ድምፁን መስማት ይበቃል። ለሳሎን ዕድሳት ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ብሎኬት ላይ የተመታ ምስማር ብዙ ጊዜ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ይላላል፤ ከባድ ነገር ለመስቀል ፊሸር ይፈልጋል። አግሮስቶን ላይ ደግሞ ከባድ መደርደሪያ ባይሰቀል ይሻላል። ተከራይ ከሆኑ አከራዩ አዲስ ምስማር ላይፈቅድ ይችላል፤ ስለዚህ ከእርስዎ በፊት የነበረው ሰው የመታውን ምስማር ቆጥረው ይያዙ፤ ያለዎት ሀብት እሱ ነው። ግድግዳ አፍርሶ ሳሎኑን ማስፋት የሚታሰብ ነገር አይደለም። የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 እንዲህ ላለ ሕንፃ የወጣ ሕግ ነው፤ ከበርዎ ውጭ ያለው ኮሪደርም ሆነ ደረጃ የጋራ ነው። የሚወጣ ዕቃ የሚቆምበትን ስናስብ ይህን እንዳንረሳ።

ዕቃውም የራሱ ታሪክ አለው። ወደ ኮንዶሚኒየም ከገቡት ቤተሰቦች ብዙዎቹ መሃል ከተማ የጭቃ ቤት ውስጥ የኖሩ ናቸው። ኮርኒሱ የተወጠረ አቡጄዲ፣ ግድግዳው ለበዓል አዲስ ጋዜጣ የሚለጠፍበት፣ ክፍሉ ረዥምና ጠባብ። ቡፌው ለዚያ ቤት በልክ የተሠራ ነው። የሰርግ ስጦታ የሆኑትን ብርጭቆዎችና ሳህኖች ከአቧራና ከአይጥ ለመጠበቅ ተፈልጎ ነበር። ገላን ሲደርስ ካለችው አንዲት ሙሉ ግድግዳ ግማሹን ያዘ። ኤል ሼፑ ደግሞ የመጣው ለሰፊ ቪላ ሳሎን ነው። ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ ሲገናኙ ለሰው የሚተርፈው መሃል ያለው መተላለፊያ ብቻ ነው።

ቤትን በማውጣት ማደስ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በሰሜን ሸዋም በጎጃምም በገጠሩ ቤት እንቁጣጣሽ ሲቃረብ ዕቃው ሁሉ ደጅ ይወጣል። ሴቶች ግድግዳውንና መደቡን በእበትና በአፈር ይለቀልቃሉ፣ ወለሉ ይለሰናል፣ ደርቆ ዕቃው ሲገባ ያ ቤት ሌላ ቤት ነው። አንድም የተገዛ ነገር የለም። የጉራጌ እናቶች ለመስቀል የሚያደርጉት ከዚህም ይልቃል። ግድግዳው በአዲስ አፈር ይቀባል፣ የተሰቀለው ዕቃ ወርዶ ይታሻል፣ ይወለወላል፣ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ከአዲስ አበባ ለበዓል የሚገባው ልጅ የሚቀበለው ቤት ይኸው የታደሰው ነው። ኢራናውያንም በመጋቢት አጋማሽ ከሚብተው አዲስ ዓመታቸው በፊት ምንጣፉን ሁሉ አውጥተው የማጠብ ልማድ አላቸው።

ከሁሉ ይበልጥ የምቀናበት ግን የሐረሪዎች ቤት ነው። ጊዲር ጋር የሚባለው ዋናው ክፍል ውስጥ ሶፋ የለም፤ ወለሉ ራሱ ከፍና ዝቅ ብሎ መቀመጫ ሆኗል። ምንጣፍና ትራስ ይነጠፍበታል፤ ማን የት እንደሚቀመጥም በክብሩ የታወቀ ነው። ዕቃው ሁሉ ግድግዳ ላይ ነው። ስፌቱ፣ ጎድጓዳው ሳህን፣ ትሪው በረድፍ ተሰቅሏል፤ ግድግዳው ውስጥ የተቦረቦሩት መስኮቶች መጽሐፍና ጌጥ ይይዛሉ። መሃሉ ባዶ ነው። ዩኔስኮ ሐረር ጁገልን በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ከተቆጠሩላት ሀብቶች አንዱ ይህ የቤት አሠራር ነው። ብዙዎቹ የጁገል ክፍሎች ከገላን ሳሎን እጅግ የሚሰፉ አይደሉም። ሰው የሚያስተነፍሰው መሃሉ ባዶ መሆኑ ነው።

አዲስ አበቤስ ሳሎን ማውጣት አያውቅም? ያውቃል እንጂ። ለቅሶ በገባበት ቤት ሶፋው በአንድ አፍታ ጎረቤት ይገባል፣ ጠረጴዛው በረንዳ ይወጣል፣ ከእድር አግዳሚና ፍራሽ ይመጣል። ክርስትናና ምርቃት ላይም እንዲሁ ነው። በእነዚያ ቀናት ክፍሉ ምን ያህል ሰው እንደሚይዝ አይተን እንደነቃለን። እንግዳው ሲሄድ ግን ሁሉን እንደነበረ እንመልሳለን፤ ሶፋው ሲሚንቶው ላይ የተወውን የእግር ምልክት ፈልገን እዚያው ላይ እናቆመዋለን።

ሥራው የሚጀመረው ዕቃ ከመነሳቱ በፊት፣ በወረቀት ነው። የልጆቹን ባለካሬ የሒሳብ ደብተር ይዋሱ። ሜትር ከሌለ ስንዝር አለ፤ የአዋቂ ስንዝር 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የክፍሉን ርዝመትና ስፋት በስንዝር ለክተው አንዱን ካሬ እንደ አንድ ስንዝር ቆጥረው ይሳሉት፤ በሮቹ ወደየት እንደሚከፈቱ፣ መስኮቱና ሶኬቱ የት እንዳሉ ምልክት ያድርጉ። ሶፋውን፣ ቡፌውን፣ ጠረጴዛውን በሌላ ወረቀት በዚያው ልክ ቆርጠው ሥዕሉ ላይ እያዟዟሩ ያስቀምጡ። ልጆች ይህን ሥራ ይወዱታል። አንድ ሰው ሳይጋጭ ለማለፍ ሦስት ስንዝር ይበቃዋል፤ ከሶፋው እስከ ጠረጴዛው ሁለት ስንዝር ሲሆን ጉልበትም አይነካም፣ ስኒ ለማንሳትም አይርቅም። ባለ 43 ኢንች ቴሌቪዥን ለማየት ከስምንት ስንዝር ጀምሮ ይመቻል። ስለዚህ ጠባቡ ሳሎን ለቴሌቪዥን አይጠብም፤ የሚጠበው ሶፋው ሁለት ጎን ስለያዘ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የረሳው አንድ ነገር አለ። ኤል ሼፕ ሶፋ አንድ ዕቃ አይደለም። የገባበትን ቀን ያስታውሱ፤ በዚያ ጠባብ ደረጃ ሙሉውን ማዞር ስለማይቻል በየቁራጩ ወጥቷል፣ ወይም በገመድ ታስሮ በበረንዳ ተጎትቷል። መጋጠሚያው ላይ ያለውን ትራስ አንሥተው በእጅ ቢዳስሱ ሁለቱን የሚያያይዝ የብረት መንጠቆ ወይም ቡሎን ያገኛሉ። መንጠቆ ከሆነ አንደኛውን ወገን ወደ ላይ ብድግ ማድረግ በቂ ነው፤ ቡሎን ከሆነ ቁልፍ ይፈልጋል። ሲለያይ ረዥሙ ቁራጭ በሙሉው ግድግዳ በኩል፣ አጭሩ ፊት ለፊቱ ወይም መስኮቱ አጠገብ ሊቀመጥ ይችላል። ሰውና ሰው ፊት ለፊት ሲተያይ ወሬውም ይለወጣል፤ ኤል ሼፕ ላይ ግን የተቀመጠው ሁሉ የሚያየው ቴሌቪዥኑን ነው። የተለየው ጎን ጨርቅ ያልለበሰ ጣውላ ሆኖ ከተገኘ ጋቢ ወይም ቡሉኮ አልብሰው ወደ ግድግዳ ያዙሩት።

ትራሶቹም ቦታ መለዋወጥ አለባቸው። በየቤቱ አባወራው ወይም አያት የሚቀመጡበት የታወቀ ቦታ አለ፤ ስፖንጁ የረገበው እዚያ ነው። ልካቸው አንድ የሆኑትን መቀመጫዎች ከዳር ወደ መሃል አዛውሮ መገልበጥ ሶፋውን ቀጥ ያደርገዋል። የከፈይ ጨርቅ ከሆነ በእርጥብ ጨርቅ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ሲጠረግ ፀጉሩ ይተኛና ቀለሙ እኩል ሆኖ ይታያል።

ዕቃው ሁሉ ሲወጣ ክፍሉ ባዶ ነው፤ ፀሐዩን እንይ። ገላን ተራሮችን ለማየት የታደለ ቦታ ነው። አየሩ ጠርቶ ከአራተኛ ፎቅ በረንዳ ሆነው ሲመለከቱ በስተደቡብ ዝቋላ ብቻውን ቆሞ ይታያል። የረር በምሥራቅ ነው፣ እንጦጦ በስተሰሜን ከከተማው ማዶ። የሳሎንዎ መስኮት ወደ የትኛው ተራራ እንደሚያይ ካወቁ የክፍሉን ብርሃን አወቁ ማለት ነው። ገላን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ስፍራ ላይ ስለሆነ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በአናቱ ላይ ታልፋለች። ከሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት እስከ ነሐሴ ማብቂያ ድረስ በቀትር የምትውለው በእንጦጦ ወገን ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከሚቀጥለው ሚያዝያ በዝቋላ ወገን ትሆናለች። በታኅሣሥ አጋማሽ በቀትር የምትቆመው 58 ዲግሪ ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ወደ ዝቋላ የሚያይ መስኮት ብርሃኗን እስከ ወለሉ ድረስ ያስገባል። በእንጦጦ ወገን የምትሆንበት ጊዜ ግን ከክረምቱ ደመና ጋር ስለሚገጥም ወደ ሰሜን የሚያይ ሳሎን ዓመቱን ሙሉ ጭለማ ያጠቃዋል። ወደ የረር የሚያየው ጠዋት ይሞቃል፣ ጀርባውን ለየረር የሰጠው ከሰዓት።

ስለዚህ ወደ ዝቋላ የሚያይ ሳሎን ያለው ሰው በበጋ ሶፋውን ከመስኮቱ ቢያርቀው፣ በክረምት ቢያስጠጋው የዓመቱን ዕድሳት በነፃ አገኘ። ቴሌቪዥኑ ከመስኮቱ ትይዩ ከሆነ ነጸብራቁ ያስቸግራል፤ መስኮቱ ከጎኑ ሲሆን ይሻላል። ሰሜን የሚያየው ሳሎን ደግሞ ከመኝታ ቤት የመጣ መስታወት ይፈልጋል። የቁም መስታወቱን ከመስኮቱ ጎን ባለው ግድግዳ ላይ አስደግፈው ሲያቆሙት የሰማዩን ብርሃን ተቀብሎ ወደ ክፍሉ ይመልሳል።

ብርሃን የሚከለክለው ግን ብዙ ጊዜ መጋረጃው ነው። ወፍራሙ መጋረጃ በሁለት በኩል ሲሰበሰብ የመስኮቱን ሩብ እንደሸፈነ ይቀራል። ብረቱ ከመስኮቱ ከዘለለ ጨርቁን ሙሉ በሙሉ ወደ ግድግዳው ገፍተው መስኮቱን ነፃ ያውጡ። ሲያወርዱት ጠርዙን ቀረብ ብለው ይመልከቱት። መሃል ላይ የሚገናኘው ጠርዝ ለፀሐይ ስለሚጋለጥ ወይን ጠጁ ወደ ቡናማ፣ ሰማያዊው ወደ አመድማ ሄዷል፤ ግድግዳ ጋር የሚውለው ጠርዝ ግን እንደተገዛበት ቀን ነው። ታጥቦ ሲመለስ የግራውን ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ መስቀል ነው። የደበዘዘው ጠርዝ ከግድግዳው እጥፋት ውስጥ ይደበቃል፣ ያልደበዘዘው መሃል ይወጣል። የመኝታ ቤቱንና የሳሎኑን መጋረጃ መለዋወጥም ይቻላል፤ የኮንዶሚኒየም መስኮቶች ልካቸው ብዙ አይራራቅም።

አምፖል ሌላው ነው። ነጩ ብርሃን ለማጥኛና ለኩሽና ጥሩ ነው፣ ማታ ለሚጨዋወት ሰው ግን ቢጫነት ያለው ይመቻል። ቤት ውስጥ ሁለቱም ዓይነት ካለ አለዋውጦ መስቀል የደቂቃ ሥራ ነው፤ ማብሪያ ማጥፊያውን አጥፍቶ፣ የቆየበትን አቧራ ጠርጎ።

ሶፋው ከውጭው ግድግዳ ሲላቀቅ ጥቁር ነጠብጣብ ከተገኘ ሻጋታ ነው፤ ገላን ክረምት ላይ በተለይ ግራውንድና አንደኛ ፎቅ ያሉ ቤቶች ያውቁታል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ብሎኬቱ ሌሊት ይቀዘቅዛል። ከሚሰጣው ልብስ፣ ከድስቱ፣ ከሰው ትንፋሽ የሚወጣው እርጥበት ቀዝቃዛውን ግድግዳ ሲያገኝ ውሃ ይሆናል፤ ሶፋው ግድግዳው ላይ ከተለጠፈ አየር ስለማያልፍ እዚያው ይቀራል። በረኪና በውሃ አቅጥነው፣ መስኮት ከፍተው፣ ከሌላ ማጽጃ ጋር በፍጹም ሳይቀላቅሉ ይጥረጉት፤ በረኪና ከአሲድና ከአንዳንድ ማጽጃዎች ጋር ሲገናኝ መርዛም ጋዝ ያወጣል። ከዚያ ሶፋው ሲመለስ ከግድግዳው አራት ጣት ይራቅ። ያቺ ክፍተት ክፍሉን አታጠብም፤ ጥላዋ እንዲያውም ሶፋውን የቀለለ ታስመስለዋለች።

ግድግዳው ላይ የሚመለሰውን በተመለከተ አስቀድሞ የማይነካውን መለየት ይገባል። በኦርቶዶክሳውያን ቤት ሥዕለ አድኅኖ በምሥራቅ ግድግዳ፣ በየረር ወገን ይሆናል፤ ለጌጥ ተብሎ ቦታው አይቀየርም። ይልቅ ዙሪያውን ማጽዳትና ከሥሩ የተከማቸውን ቻርጀርና ሪሞት ማንሣት ነው። ለሙስሊም ቤተሰብ መካ ከአዲስ አበባ ቀጥታ ሰሜን ሊባል የሚችል፣ ለጥቂት ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ አቅጣጫ ላይ ስለሆነች፣ መስገጃ የሚዘረጋበት ቦታ ወደ እንጦጦ ፊቱን ሰጥቶ ባዶ መተው አለበት። ደብተሩ ላይ ሲሳል መጀመሪያ ሊሰመር የሚገባው ይህ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ የያዘ ሳሎን ከወዲሁ መሃሉን አገኘ።

ፎቶዎቹ ይውረዱ። በመላው ዓለም ሙዚየሞች ሥዕል ሲሰቅሉ የሥዕሉ መሃል ከወለል 1.50 ሜትር ገደማ እንዲሆን ያደርጋሉ፤ የቆመ ሰው ዓይን እዚያ ነውና። እኛ ጣሪያ ሥር የምንሰቅለው ልጅ እንዳይደርስበት፣ ከድሮው ቤትም ልማዱ ስለመጣ ነው። የልጅዎን የምርቃት ፎቶ ሰባት ስንዝር ተኩል ላይ ያውርዱት፤ ተቀምጦ ቡና የሚጠጣ እንግዳ ፊቷን ያያታል። ምስማር ካልተፈቀደ ቡፌው ላይ ማስደገፍ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ መታየት የለበትም። በጃፓን ባህላዊ ቤት የእንግዳ ክፍል ውስጥ ቶኮኖማ የሚባል ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ፤ አንድ ጥቅል ሥዕልና አንድ አበባ ብቻ ይቀመጥበታል፣ ወቅቱ ሲለወጥ ሥዕሉም ይለወጣል። የሰርጉ ፎቶ በበጋ፣ የአያቶቹ በክረምት ቢወጣ፣ ቤቱ በዓመት ሁለት ጊዜ አዲስ ግድግዳ አለው።

ስፌት ያለው ሰው አልጋ ሥር አያቆየው። ከአገር ቤት የመጣው አገልግል፣ ሙዳይ፣ የእናት እጅ የሠራው ሰፌድ፣ ከስንደዶና ከአክርማ ዙር በዙር ተጠምዝዞ የተሰፋ ነው፤ በገላን ሱቅ ከሚገኝ የፕላስቲክ ጌጥ ሁሉ ይበልጣል። የሐረሪዎቹን ግድግዳ እያሰቡ ሦስት ወይም አምስት በአንድነት ይስቀሉት። ውሃ ውስጥ አይነከርም፤ እርጥበት ባለው ጨርቅ ተጠርጎ ጥላ ውስጥ መድረቅ አለበት። ቀጥተኛ ፀሐይ የተነከረውን ቀለም ስለሚያነጣው ከመስኮቱ ትይዩ ባለው ግድግዳ አይሁን። ዳንቴሉስ? ብዙ ወጣቶች አሮጌ ነው ብለው ሰብስበውታል። እኔ ግን ሌሊት አምሽታ በኪሮሽ የሠራችውን ሰው ሳስብ መጣሉ ይከብደኛል። ቴሌቪዥኑን፣ ሪሲቨሩንና ሶፋውን ሁሉ ማልበሱ ይቅርና አንዱ፣ ትልቁ፣ ታጥቦ በቀጭን የዱቄት ሙቅ ጠንከር ተደርጎ ጠረጴዛው መሃል ብቻውን ይዘርጋ። ያረጀ ነጠላ ካለ ጨርቁ ቢሳሳም ጥለቱ አይሞትም፤ ተቆርጦ የትራስ ልብስ ጠርዝ ይሆናል።

ቡፌው ከሁሉ ያከራክራል። ውስጡ ያሉት ብርጭቆዎች ለእንግዳ ተብለው ተቀምጠው እንግዳ ሲመጣም የሚወጡት ኩሽና ያሉት ናቸው። ግማሹን ወደ ኩሽና አውርዱና ጠጡበት እላለሁ። በተለቀቀው መደርደሪያ የልጆቹ መጻሕፍት ይግቡ። ቡፌው ከላይና ከታች ሁለት አካል ከሆነ፣ ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው፣ የላይኛው ወርዶ መኝታ ቤት ቢገባ ታችኛው ለቴሌቪዥኑ ይበቃል፤ ግድግዳውም ከወገብ በላይ ነፃ ይወጣል።

ረከቦቱ በረንዳው በር አጠገብ ይሁን። ለውበት ብቻ ብዬ አይደለም። ከሰል በተዘጋ ክፍል ሲነድ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ የኮንዶሚኒየም በርና መስኮት እንደ ጭቃ ቤት ክፍተት የለውም። ሲቀጣጠል በረንዳ ላይ፣ ሲፈላ ከተከፈተ በር አጠገብ። የበረንዳው በርና የኩሽናው መስኮት አንድ ላይ ሲከፈቱ ነፋሱ ሳሎኑን አቋርጦ ያልፋል፤ የቆየው የወጥ ሽታ ይወጣል፣ የዕጣኑ ይቀራል።

ቀኑን መምረጥ ብልህነት ነው። ውሃ በሚመጣበት ቀን፣ ሰማዩ በጠራ ጊዜ፣ ጎረቤትን አስቀድሞ አስፈቅዶ። ኮሪደር ላይ የቆመ ሶፋ ደረጃ የሚወርደውን አዛውንት ስለሚያውክ ዕቃው በረንዳና መኝታ ቤት ቢደረደር፣ ምንጣፉ ብቻ ታች ወርዶ ቢራገፍ ጥሩ ነው፤ ከላይ በረንዳ ሆኖ ማራገፍ የሥረኛውን ሰው ልብስ ያቆሽሻል። ጀሪካኖቹ በረንዳው ጥግ ወይም ከአጭሩ ሶፋ ጀርባ ቦታ ያገኛሉ።

ሁሉ ከተመለሰ በኋላ የተረፈ ዕቃ ይኖራል። የማይሠራ ሪሲቨር፣ እግሩ የተሰበረ ስቱል፣ ማን እንዳመጣው የማይታወቅ የአበባ ማስቀመጫ። «ቆራሌው!» የሚለው ድምፅ ከብሎኩ ሥር ሲሰማ ሮጦ ለመውረድ አይቸኩሉ። በአንድ ካርቶን አድርገው አልጋ ሥር ለአንድ ወር ያቆዩት። በወሩ ውስጥ ከቤተሰቡ አንድ ሰው የጠየቀው ነገር ካለ ይመለስ፤ ስቱሉን የብሎኩ ጥበቃ ይፈልገው እንደሆነ ይጠየቅ፤ የቀረውን ቆራሌው ይውሰደው፤ ከካርቶኑ ጋር።